እግድ የተባለችው መሬት

አያ ቢያዝን ገብስ ያርሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይተክላል፣ ወቅቱ ሲደርስ ድንች ይቆፍራል። ከጎንደር በላይ እንዳለችው እንደ ደጋዋ ኮሶዬ ሰው ሁሉ ብርድ የለመደ፣ ጋቢ ከትከሻው የማይለይ፣ ጉልበቱ ያልደከመ ገበሬ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሆነ ግን ስለ ገብሱም ስለ ድንቹም አያነሳም። ጉሮሮውን ይጠርግና "እኔ ባለጉዳይ ነኝ" ይላል። እውነቱን ነው። በጉብዝናው ዘመን የጀመረው ክስ ፀጉሩን አሸብቶ፣ ልጆቹን አስድሮ፣ የልጅ ልጅ አሳይቶት አሁንም አብሮት አለ።

ሙግት ወዳድ ነው ሲባል ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አያ ቢያዝን ዝንብ የሚነካ ሰው አይደለም። የሚወደው ቃል በቃል ላይ ሲሰካ፣ ዳኛው ሳያስበው ፈገግ ሲል፣ ተከራካሪ መልስ ሲያጣ ማየት ነው። በልጅነቱ እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ሽማግሎች ነገር ከሚሰሙበት የኮሶ ዛፍ ሥር ተጎልቶ ይውል ነበር። "ተጠየቅ!" ሲባል፣ "ልጠየቅ!" ሲመለስ ልቡ ይሞቃል። ቤት ሲገባ ደግሞ ከዶሮዎቹ ጋር ይሟገታል። እናቱ "ይኸ ልጅ ወይ ዳኛ ወይ እስረኛ ይሆናል" ትል ነበር። ሁለቱንም ሳይሆን ቀረና ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ገበሬ ሆነ።

ባላጋራው አያ ስማቸው ይባላል። ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ራሱ እንደተከለው ባህር ዛፍ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አያ ቢያዝን ነገሩን ከአዳም ጀምሮ አውርዶ፣ ምሳሌ አክሎ፣ ላቡን ጠርጎ ሲቀመጥ፣ አያ ስማቸው ከወንበሩ ብድግ ይልና "አላየሁም" ብሎ ይቀመጣል። በዚያች በአንዲት ቃል ስንት የተለፋበት ንግግር ውሃ ይበላዋል። አያ ቢያዝን በዚህ ይናደዳል፤ ደግሞም በልቡ ያደንቀዋል።

የተካሰሱባት መሬት በአያ ቢያዝን የገብስ ማሳና በአያ ስማቸው ባህር ዛፍ መካከል፣ ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ጥግ ያለች፣ የበሬ ግንባር የምታህል ለጥ ያለች ቦታ ናት። ድንበሯ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበር። አንድ ክረምት የወረደ ጎርፍ ድንጋዩን ፈንቅሎ እያንከባለለ ወስዶ ከመንገዱ ቦይ ጣለው፤ የነበረበትንም ቦታ ደለል ሞላው። ያ ድንጋይ የት እንደነበር በእርግጠኝነት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ክፋቱ ሁለቱ የሚያውቁት ቦታ የተለያየ ነው።

አያ ቢያዝን ከሰሰ። የወረዳው ፍርድ ቤት ነገሩ እስኪለይ ድረስ ማንም እንዳያርሳት፣ እንዳይተክልባት፣ እንዳይሠራባት ብሎ እግድ አወጣባት። የተፈረደበት ይግባኝ አለ፤ ነገሩ ጎንደር ወረደ፤ እንደገና ይጣራ ተብሎ ተመለሰ፤ ሲጣራ ድንጋዩ ከየት እንደተነሳ የሚናገር ምስክር ጠፋ፤ ተፈረደ፤ አሁንም የተፈረደበት ይግባኝ አለ። በዚህ መካከል የመሬቷ ስም ራሱ እግድ ሆነ። "ማኪናዋ የት ቆመች?" ሲባል "እግድ ጋ" ይባላል። እግዱ ለሰው እንጂ ለአህያ አልተነገረምና ሣሯን የመንደሩ አህያ ሁሉ እየተፈራረቀ ይግጣታል። እንደ እሷ ያለ ለምለም ግጦሽ በአካባቢው የለም።

በአገሩ ልማድ በክስ ላይ ያለ ሰው ከባላጋራው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ለቅሶ ላይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን ወደ ማሳው ያዞራል። አያ ቢያዝንና አያ ስማቸው ይህን ልማድ አንድም ጉድለት ሳያሳዩ ጠብቀው ኖረዋል። ይህ እንግዲህ ኮሶዬ ላይ ነው።

ወደ ጎንደር የሚወርዱበት ማክሰኞ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ሌላ ማኪና አልነበረማ። ባዶ የነበረውም የሁለት ሰው አንድ ወንበር ብቻ ነበርና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማኪናዋ ኮሶዬን ለቃ ከኩርባው ስትታጠፍ፣ አያ ስማቸው ምንም ሳይናገር የራሱን ጋቢ ጫፍ ከአያ ቢያዝን ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረው። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ማንም እንዳያመልጥ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ይሄዱ ነበር።

"ምንድን ነው ይኸ?" አለ አያ ቢያዝን።

"እንዳታመልጠኝ ነው" አለ አያ ስማቸው።

አያ ቢያዝን ሳቁን መያዝ አቃተው። ባላጋራው ሊቀልድ የሚችል ሰው መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ከኩርባው ሲያልፉ ይቋጠራል፤ ሲመለሱ ኩርባው ጋ ሳይደርሱ ይፈታል። ፍርድ ቤት ግቢ ሲደርሱ ፈትተው ባላጋራ ይሆናሉ፤ ከችሎት ሲወጡ አራዳ ሰፈር ከምትገኝ አንዲት ምግብ ቤት ገብተው በአንድ ትሪ ተጋቢኖ ይበላሉ። ማን ያያቸዋል? ከተማ ነው። አያ ስማቸው በሬው የሞተበት ጊዜ እንባውን የጠረገው እዚያ ትሪ ላይ ነው። የአያ ቢያዝን የመጀመሪያ ልጅ ታምሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜም አያ ስማቸው ምሳውን ትቶ አብሮት በኮሪደሩ ቆሞ ውሏል። ማታ ኮሶዬ ሲደርሱ ታዲያ ሳይሰነባበቱ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ማዶ ይሄዳል።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ እያለ መብራት መጣ። መጣ ማለት፣ ሊመጣ ተነሣ፤ እሱ ከገባ ወፍጮም ከደጅ ይተከላል ተባለ። ገመዱ በአስፋልቱ ዳር እየተዘረጋ ከኮሶዬ አፋፍ ሲደርስ ትዕግስት የምትባል መሐንዲስ ከሠራተኞቿ ጋር ከማኪና ወረደች። ቀጭን ድምፅ ያላት፣ ብርዱ አፍንጫዋን ያቀላው፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ልጅ ናት። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፣ በመጨረሻ እግድ መካከል ቆመችና በእግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገችው።

"ትራንስፎርመሩ እዚህ ነው የሚቆመው" አለች። "ወዲያ ገደል ነው፣ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነው። ሜዳ ያለው፣ ከባድ ማኪና የሚደርስበት፣ ከወንዙ ወዲህና ማዶ ላሉት ለሁለቱም መንደር የሚበቃው ይኸ ብቻ ነው።"

የሁለቱ መንደር ሰው ተሰብስቦ ያያታል። አንድ አህያ ብቻ ሣሩን ይግጣል። የቀበሌው ሊቀመንበር አለምነህ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። "እህቴ፣ ይህች መሬት የፍርድ ቤት እግድ አለባት" አላት።

ትዕግስት እግሯን አነሳች፤ ከሚነድ ነገር ላይ የቆመች ይመስል ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሕግ የምታከብር ልጅ ናት። "እንግዲያ አልነካትም" አለች።

"ምነው? መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ መሬት መውሰድ ይችል የለም ወይ?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ይችላል አባቴ። ግን ሲወስድ ለባለይዞታው ይነገራል፣ ባለይዞታው ይካሳል፣ ቅር ካለውም ይከራከራል። የዚህችስ ባለይዞታ ማን ይባላል? ማንን ላናግር? እግዱ እስካልተነሳ ምሰሶ ብተክል እኔ ነኝ ፍርድ ቤት የምቆመው።" ትንሽ አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ታችኛው ቀበሌ ያለውን ገመድ እስክንጨርስ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ዕቃውም ሠራተኛውም ወደሚቀጥለው ቀበሌ ያልፋል። ተራችሁ መቼ እንደሚመለስ እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

ያን ጊዜ የሁለት መንደር ሰው እንደ አንድ ሰው ዞሮ ሁለቱን አዛውንት አያቸው። አንዱ ከገብሱ ማሳ ጥግ፣ አንዱ ከባህር ዛፉ ሥር ቆመዋል።

"ከተወ እሱ ይተው" አለ አያ ቢያዝን።

"እሱ ይተው" አለ አያ ስማቸው።

በዚህ ተበተነ። ቀድሞ የተወ ሰው ተሸነፈ ይባላልና፣ ከዚያ ወዲያ በሠርግ በጥምቀት እየተዘፈነበት ይኖራል። ሽማግሌ ተላከ፤ ቄስ ተላኩ፤ አለምነህ ራሱ ተመላለሰ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

የአያ ቢያዝን ሚስት የትነበርሽ ሽንኩርቷን እየኮተኮተች ጠየቀችው። "ምነው አንተ፣ አንድ እፍኝ እህል የማትሰጥ መሬት ብትቀርብህ?"

"በርስትና በሚስት ቀልድ የለም!"

"ሚስትህ እህል ጭና አምባ ጊዮርጊስ ወፍጮ ቤት ድረስ ስትንከራተት ቀልድ ሆኖ ነው የኖረው፤ ርስትህም የአህያ ሆነች" አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አያ ቢያዝን ግን ሌላ ነገር ያስብ ነበር። መሬቷን እንደሆነ ድሮ ትቷታል። አንዳንድ ሌሊት ድንጋዩ የነበረው እሱ እንዳለው ይሁን አያ ስማቸው እንዳለው ራሱን ሲጠይቅ ትዝ አይለውም። እሱን ያስፈራው ማክሰኞዎቹ ናቸው። ክሱ ካለቀ ወደ ጎንደር ምን ሊሠራ ይወርዳል? ከአያ ስማቸው ጋር በማኅበር አይገናኙ፤ ደብራቸው ለየብቻ ነው። ዝምድና የላቸው፣ ጉርብትናቸው ወንዝ የለየው ነው። አንድ ያደረጋቸው ጠባቸው ነው። እሱን ከወሰዱበት በዚህ ዓለም የልቡን የሚነግረው ሰው አይኖረውም፤ ይህንንስ ለማን ይናገሩታል? ሽማግሌ ሰው ባላጋራዬን አትውሰዱብኝ ብሎ አያለቅስ።

የቀጠሮው ማክሰኞ ደረሰ። ገመዱም ታችኛውን ቀበሌ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። አያ ቢያዝን ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ እግድን አቋርጦ ወደ አስፋልቱ ሊወጣ ሲል፣ ከወዲያ አያ ስማቸውም ሲመጣ፣ ሁለት ሴቶች ከባህር ዛፉ ኋላ ብቅ አሉ። የትነበርሽና የአያ ስማቸው ሚስት አባይነሽ ናቸው። ወፍጮ ቤት ሲሄዱና ሲመለሱ ባል ሳይሰማ የተወዳጁ ሴቶች ናቸው።

"በሕግ አምላክ!" አለች የትነበርሽ።

ሁለቱም ባሉበት ቆሙ። አያ ቢያዝን አንድ እግሩ ቦይ ላይ፣ አንድ እግሩ ሣሩ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ባለፈ። ሕግ ብሎ የኖረ ሰው ግን በሕግ አምላክ ተብሎ እንዴት ይራመዳል?

"ተጠየቁ!" አለች አባይነሽ፣ እጇን ዘርግታ፣ ነጠላዋን እንደ ባለሙግት አጣፍታ።

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። "ልጠየቅ" አለ አያ ቢያዝን ቀስ ብሎ። "ልጠየቅ" አለ አያ ስማቸው።

"እናንተ በቃላችሁ ስትሟገቱ እኛ በጀርባችን ስንሟገት ኖርን!" አለች የትነበርሽ። "ዳኛ ፊት አንድም ቀን አልቆምን፣ እህል ተሸክመን ግን ቆመናል። ወፍጮ ከደጃችን ይተከል ሲባል የሕግ ሰዎች እግድ ሆናችሁ ቆማችሁብን። እስቲ አንተ ድንጋዩ የት ነበር?"

"እ..." አለ አያ ቢያዝን።

"አያ ስማቸው፣ አንተስ?"

አያ ስማቸው የሚያውቃትን አንዲት ቃል ፈለገ። "አላየሁም" አለ፣ ደግሞ ወዲያው ደነገጠ፤ ስንት ዘመን በችሎት የካደባት ቃል፣ የድንጋዩን ቦታ አለማየቱን እዚያው አወጣችበት።

አባይነሽ እጇን አጨበጨበች። "ደግሞ ሌላ አለ። የየትነበርሽ የእህቷ ልጅ ፅዮን አራዳ ምግብ ቤት ገብታ ትሠራለች። ጎንደር ላይ በአንድ ትሪ ሲጎራረሱ የሚውሉ ሁለት ሽማግሎች አሉ አለችን። መልካቸውን ስትነግረን እንዴት እናንተን ይመስላሉ! ይኸንን ለመንደሩ ልንገር ወይስ አልንገር?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሚስቶቻቸው የሚያወሩትን ሁለቱ አልሰሙትም ነበር። አያ ቢያዝን ፊቱ ቀላ፣ አያ ስማቸው የባህር ዛፎቹን ጫፍ ይቆጥር ጀመር። እንዲህ የተረቱበት ሙግት በዕድሜያቸው የለም። አያ ቢያዝን ግን ካፈረው ይልቅ የኮራው ይበልጣል፤ ሚስቱ እንዲህ ነገር ታውቃለች ብሎ አስቦ አያውቅም።

"ሄዳችሁ እግዱን አንሱ" አለች የትነበርሽ፣ አሁን ድምፅዋ ለስልሶ። "ሁለታችሁ እኩል ከተዋችሁ ቀድሞ የተወ የለም። ሸጋ ነው፣ ምን ችግር አለው?"

ሚኒባሱ መጣ። ከኩርባው ሲታጠፉ አያ ስማቸው ጋቢውን ቋጠረ። ጎንደር ሊገቡ ወለቃ ሲደርሱ፣ የሸክላ ዕቃዎቹ በመንገዱ ዳር ተደርድረው ሲታዩ፣ አያ ቢያዝን ከልቡ የነበረውን አወጣው።

"አያ ስማቸው፣ ክሱ ካለቀ እኛ ጎንደር ምን ልንሠራ እንወርዳለን?"

አያ ስማቸው ወደ ሸክላዎቹ እያየ ቋጠሮውን ነካ አደረገና ጠበቅ አደረገው።

መታረቃቸውን ለጽሕፈት ቤቱ ነግረው ችሎት ገቡ። የዚያን ዕለት ያስቻሉት ዳኛ ወልደኢየሱስ ይባላሉ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚናገሩ፣ የሁለቱን አዛውንት መዝገብ ከቀደሟቸው ዳኛ የወረሱ ሰው ናቸው። "ከሳሽ ቢያዝን፣ ተከሳሽ ስማቸው" ተብሎ ሲጠራ አያ ቢያዝን ተነሣ። አሳቡ ታርቀናል ብሎ ሊቀመጥ ነበር። ነገር ግን ከሳሽ የምትለው ቃል ጆሮው ስትገባ ደሙ ፈላ። ጋቢውን አጣፋ።

"ክቡር ዳኛ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ!" ብሎ ጀመረ። ጎርፉን እንደገና አወረደው። ድንጋዩን አንከባለለው። የአባቱን ማረሻ፣ የአያቱን ድንበር፣ የመሬቷን ለምለምነት፣ የአህዮቹን ድፍረት ዘረዘረ። በዕድሜው ሁሉ እንደዚያን ዕለት አምሮለት አያውቅም። ሌላ ጉዳይ የሚጠብቁ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጠበቃ ተራው ደርሶ ሲጠሩት አልሰማም። ሲጨርስ አያ ስማቸው ተነሣ። ሁሉም "አላየሁም" የሚለውን ጠበቁ። አያ ስማቸው ግን "ክቡር ዳኛ፣ ይኸን ሰው ከዚህ በኋላ ማን ያዳምጠዋል?" ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "በጽሕፈት ቤት በኩል ታርቃችኋል ተብሎ ነበር የተነገረኝ።"

"ታርቀናል ክቡር ዳኛ!" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ክርክር ምንድን ነው?"

"መሰነባበቻ ነው" አለ አያ ቢያዝን፣ አንገቱን ደፍቶ።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑና ሕጉ የሚለውን አደረጉ። ሁለቱም መሬቷን ለሕዝብ አገልግሎት እንድትውል በፈቃዳቸው መልቀቃቸውን አስነገሩ፣ እርቁን መዘገቡ፣ እግዱን አነሱ፣ መዝገቡን ዘጉ። ካሳ ትጠይቃላችሁ ወይ ሲባሉ፣ አያ ስማቸው በመሬቷ ላይ ከሣር በቀር ንብረት የለም፤ ሣሩ ደግሞ የአህዮቹ ነው አለ። ያን ዕለት ተጋቢኖው ቀረበ፣ ግን ሳያልቅ ቀረ። ሁለቱም አልራባቸውም።

ትዕግስት ቃሏን ጠበቀች። ምሰሶው ቆመ፤ ትራንስፎርመሩ እግድ መካከል ተሰቀለ፤ አጥር ታጠረለት። አህዮቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው በቅሬታ ያዩታል። መብራቱ የበራ ቀን ሁለቱ መንደር እልል አለ፣ ወፍጮውም ብዙም ሳይቆይ መዞር ጀመረ። የትነበርሽ የመጀመሪያዋን እህል አስፈጭታ ዱቄቷን በቁና ይዛ ስትመለስ ከትከሻዋ ላይ ምንም አልነበረም፤ አህያዋም ባዶ ጀርባዋን ሳታምን ትራመድ ነበር።

እንደ ወግ ልማዱ አያ ስማቸው አያ ቢያዝንን ቤቱ ጠራው። አሁን እህል ውሃ መቀማመስ ይቻላል። በአምፖሉ ብርሃን ሥር ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባይነሽ ጠላ ቀዳች፤ ጠላው ሸጋ ነበር። ሁለቱም ሸጋ ነው አሉ። አያ ቢያዝን አምፖሉን አየ፣ አያ ስማቸውም አምፖሉን አየ። ቤቱ ብርሃን ሆኖ ሳለ ሁለቱ ባዕድ ለባዕድ ሆኑ። አያ ቢያዝን ወንዙን ተሻግሮ ሲመለስ፣ ይኸው የፈራሁት ደረሰ፣ አለ ለራሱ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። አያ ቢያዝን ማረስ ነበረበት፤ ነገር ግን ራሱን ከአስፋልቱ ዳር፣ ከእግድ አጠገብ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ አገኘው። ለሚያየው ሰው መብራቱን የሚጎበኝ ይመስላል። የዚያን ዕለት ገበያተኛ ሁሉ ወጥቶ ሚኒባስ ይጠብቃል፤ የትነበርሽም አለች፣ አለምነህም አለ፣ ከሁለቱም መንደር ሰው ሞልቷል። ከባህር ዛፉ በኩል ረዘም ቀጠን ያለ ሰው ብቅ አለ። አያ ስማቸው ነው፤ እሱም ጋቢውን አጣፍቷል።

"ወዴት ነህ አያ ስማቸው?" አለው አለምነህ። "ክሱ አለቀ እኮ፣ መዝገቡ ተዘግቷል።"

አያ ስማቸው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከአያ ቢያዝን ጎን ቆመ። ሚኒባሱ መጣ፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ጎንደር! ጎንደር!" ብሎ ጮኸ። ኩርባው ገና ሩቅ ነው፤ የኮሶዬ ሰው ሁሉ ያያል። አያ ስማቸው ጎንበስ አለ፣ የጋቢውን ጫፍ ያዘ፣ የአያ ቢያዝንን ጫፍ ፈልጎ ሳበ፣ በሁሉም ፊት ቋጠረው።

"እንዳታመልጠኝ ነው" አለ።

አያ ቢያዝን፣ ያ ምላሱ ጤፍ የሚቆላው ሰው፣ አንድ ቃል አልወጣውም። ተቋጥረው ተሳፈሩ። የትነበርሽ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ "ፅዮንን ሳሙልኝ!" አለች፣ ማኪናዋም ሄደች።